የካድሬው ዓሣዎችና የከብት ውሃው አረም

በደርግ ጊዜ እዚህ ቆቦ አንድ ካድሬ ዓሣ በመስታወት ሳጥን ይዞ መጣላችሁ። ዓሣው ጥላ ይፈልጋል ብሎ ውሃው ውስጥ ጤና አዳም ቢተክል በሰበሰ፤ በሶብላ ቢተክልም በሰበሰና ውሃው ሸተተ። እኔ «ዓሣዎቹ ዕድር ገብተዋል?» ብዬ ስስቅ ሰማኝ። «አንተ ቀልደኛ! እስከ ገበያ ቀን የማይሞት ተክል ካላመጣህ፣ እስር ቤት ገብተህ ትስቃለህ!» አለኝ።

ሮጬ ከብት ወደሚጠጣበት ምንጭ ወረድኩ። እዚያ ውሃው ውስጥ የሚበቅለውን አረም የራያ በሬና የአፋር ግመል ሲረግጡት ይውላሉ፤ እነሱ ሲሄዱ ተመልሶ ቀና ይላል። አንድ እቅፍ ነቅዬ፣ ሥሩን ከጠጠር ጋር አስሬ ሳጥኑ ውስጥ ጣልኩት።

«ይሄማ አረም ነው!» ብሎ ካድሬው ጮኸ።

«ጓድ፣ የግመል እግር ያልገደለውን የእርስዎ እጅ ይገድለዋል?»

በገበያው ቀን አረሙ አድጎ የሳጥኑን ክዳን አንስቶታል። ዓሣዎቹም ወፍረው መዞሪያ አጥተዋል! ካድሬው ከወንበሩ ተነስቶ፣ አገር እያየ፣ «ጓድ ባለሙያ፣ ተቀመጥ» አለኝ። ፊደል ያልቆጠርኩት እኔ ተቀመጥኩ፤ እሱ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ከዋጃ እስከ ጎብዬ ተክል ለመምረጥ የፈለገ ሁሉ እኔን ይጠራል። ምክሬ አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ከብት ይርገጠውና እንየው!»