የፓይለቱ ራዲዮ

የሰው ወሬ ሳታስቡት ጆሯችሁን ስቦት ያውቃል? እኔን ከአዳይቱ ወደ አዋሽ ስሄድ አውቶቡስ ላይ አጋጠመኝ። ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች የጥጥ እርሻ ሠራተኞች ነበሩ። አንዱ በትንሽ አውሮፕላን የተባይ መድኃኒት ይረጫል፤ ሌላው፣ ይመር የሚባለው፣ ማሳው ጫፍ ላይ ቆሞ መስመሩን በባንዲራ ያሳየዋል።

«ካፒቴን፣ እየበረሩ ዘፈን ይሰማሉ አሉ?»

«ትንሽ ራዲዮ አለችኝ። ማዳመጫዋን ጆሮዬ ውስጥ እከታለሁ።»

«ወላሂ ሊገድሉኝ ነው! ትናንት መሬት ላይ ባልተኛ ኖሮ ጎማው አንገቴን ይዞት ይሄድ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ሰርግ ቤት መሰለዎት እንዴ? ዘፈኑን ይተዉልኝ፤ ልጆች አሉኝ።»

«ይመር፣ ገና ሳይነጋ ተነስቼ ያንኑ ማሳ ስመላለስበት እውላለሁ። ሙቀቱ ሲጨመርበት ዓይኔ ይከደናል። የሚያነቃኝ ዘፈኑ ነው።»

«ትናንትስ ታዲያ?»

«ትናንት ባትሪው አልቆ ነበር።»



«አዋሽ ስንደርስ ባትሪ እንገዛለን» አለ ይመር። «ትርፍ ትርፉን ግን እኔ ነኝ ኪሴ የምይዘው።»

ከዚያ ወዲህ ትንሽ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና ብዬ ዘፈን ይሰማኝ እንደሆነ አዳምጣለሁ፤ እስኪ እናንተም ሞክሩት።