አግዳሚ ሊያመጣ ሄዶ

እታለማሁ፣ ነይ እዚህ ጠጋ በይ፤ ለሁለታችን ይበቃል። ድንችሽን ውርጭ መታው አሉ... የእኔም እንዲሁ ሆነ። በይ እንግዲህ፣ እንጅባራ የሚወስደን ይሄ ሚኒባስ እስኪሞላ እንጫወት። ጋቢና ያሉት ሰውዬ? ኧረ አይሰሙም፤ ትልቅ ሰው የእኛን ወሬ ምን ሊያደርግለት?

ባለቤቴ እንየው ከሞተ ስምንት ወሩ። ሰው ሁሉ «እንዴት ቻልሽው?» ይለኛል። እንዴት አልችል? አንድ ደግ ሰው አሉልኝ... ስማቸውን አልጠራም፣ ምስጋና አይወዱም።

ያን «መጤ ጠቅልሎ ይውጣ» የሚለውን ፓርቲያቸውን ታስታውሺው የለ? እዚህ ግምጃ ቤት ከተማ ስብሰባ ሲጠሩ ስንት ሰው ይመጣ ነበር? ሰባት። ከሰባቱም ሁለቱ ዝናብ ሊጠለሉ። እንየውማ ይስቅባቸው ነበር፤ «ነገ ደግሞ የአያቴን አገር ሊጠይቁኝ ነው» እያለ።

የዚያን ቀን የሄደው የዕድራችንን አግዳሚ ሊያመጣ ነው። ለስብሰባቸው አዳራሽ አውሰናቸው ነበራ፤ በማግስቱ ተዝካር ነበረብን። «ቶሎ እመለሳለሁ፣ ምሳ እንዳትበይብኝ» ብሎኝ ወጣ። አዳራሹ በር ላይ ተኩስ ተከፈተ። ማን እንደተኮሰ ዛሬም አልታወቀም። አግዳሚውን እንደተሸከመ ወደቀ።

ደጉ ሰው ግን እግዜር ሲያወጣቸው፣ ስብሰባውን ራሳቸው ጠርተው፣ ራሳቸውን አሟቸው ቤት ዋሉ። ሰው አያመውም እንዴ? «ቀድሞ የደወለላቸው ነበር» የሚሉም አሉ... እኔ አላምንም። ቢያውቁማ ለሌላውስ አይነግሩም ነበር?

ለቀብሩ ግን ማንም አልቀደማቸውም። ሳጥኑ ላይ ባንዲራቸውን አለበሱልኝ። «ኧረ እንየው አባል አልነበረም» ብላቸው፣ «ነበር እንጂ፤ አንቺ ነሽ ያላወቅሽው» አሉኝና በሦስተኛው ቀን የአባልነት መታወቂያውን አመጡልኝ። ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ እጄን ነካኝ። አየሽ የኔን ሞኝነት? አሥራ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ ያላወቅሁትን እሳቸው አወቁልኝ።

አሁንማ ስብሰባቸው አዳራሹ አልበቃ ብሎት ሜዳ ላይ ሆኗል፤ የእንየውም ፎቶ ከመድረኩ ይሰፋል። አብሮት ይስቅ የነበረው ወንድሜ ክንዴ እንኳ ተመዘገበ። «ደሙን ከንቱ አናስቀርም» ይለኛል። ምን ልበለው? እኔም መጀመሪያ ሰሞን አጨብጭቤያለሁ፤ አንጀቴ አሮ ነበራ። ኋላ ዘውድነሽ፣ ልጄን ያዋለደችኝ ጎረቤቴ፣ «መጤ» ተብላ ዕቃዋን በጋሪ ጭና ስትወጣ አየሁ... እጄ እዚያው ቀረ።

ለምርጫው እሳቸው ናቸው የሚቀርቡት። ይገባቸዋል! እንደሳቸው የለፋ ማን አለ?

ጌታዬ፣ ጋቢና ያሉት፣ መስታወቱን ይዝጉት፣ ብርድ እንዳይመታዎት።

እና እታለማሁ፣ እኔ ጧት ጧት የምጸልየው ለእኒያ ደግ ሰው ነው። ሁለት ወንድ ልጆች አሏቸው፤ ባሕር ዳር ነው የሚያስተምሯቸው፣ ስብሰባ የሚባል ነገር አጠገብ አያስደርሷቸውም። እግዜር ያሳድግላቸው። አገር ሁሉ እንየውን እንደወደደው የሚወዳቸው ያድርግልዎት... ያድርግላቸው ማለቴ ነው።