ዘጠኝ ከአሥር የተሰጠው ጌም

ፈተና ሳርም ውዬ ዐይኔ ሲደክም ወደ ፈቲሀ ጭማቂ ቤት ጎራ ማለት ልማዴ ነው። ያን ቀን የቡታጅራ ገበያ ቀን ስለነበረ ጠረጴዛው ሁሉ ተይዟል። ቦታ ፍለጋ ስንከራተት ከጥጉ አንዲት ወጣት ስልኳ ላይ አቀርቅራ አየሁ። ቀና ስትል የቀድሞ ተማሪዬ ሔራን ሆና አገኘኋት።

«መምህር! ይቀመጡ እንጂ» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

ሔራን የወፍጮ ቤቱ የአቶ ፊልጶስ ልጅ ናት። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር አጥንታ፣ አሁን አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ ላይ የቪዲዮ ጌም ገምጋሚ ሆና ትሠራለች። አዲስ ጌም ሲወጣ ቀድማ ተጫውታ፣ ጥሩውንና መጥፎውን ጽፋ፣ በመጨረሻም ከአሥር ነጥብ ትሰጣለች። ለዚህም ደመወዝ ይከፈላታል። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው ግማሾቹ ይስቃሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ክፍት ቦታ እንዳለ ይጠይቁኛል።

ስፕሪሳችን ሳይመጣ «አሰላሙ አለይኩም መምህር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ሙከሚል ነበሩ። ወንበር ስበው አጠገባችን ተቀመጡ።

«ወአለይኩም ሰላም ጋሽ ሙከሚል። ምነው ፊትዎ ጠቁሯል?»

«እንዴት አይጠቁር! ወልቂጤ ውስጥ ስሜ ምን ሆነ መሰለዎት? ኬብል ቆራጩ!»

ነገሩን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጋሽ ሙከሚል ዕድሜያቸውን በበርበሬ ንግድ ያሳለፉ፣ አሁን ደግሞ ጌም ቤት የከፈቱ ሰው ናቸው። ራሳቸው ጆይስቲክ ነክተው አያውቁም። ሆኖም በከተማችን አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ በእሳቸው እጅ ማለፍ አለበት። ምግብ ቤት ሲከፈት ቀድመው ይቀምሳሉ፤ አዲስ ሐኪም ሲመጣ ቀድመው ይታመማሉ።

በቅርቡ ወጣቶቹ «ብረት በር» የሚሉት የውጭ ጌም ሊወጣ ነው ተባለ። አምስት ሰው ከአምስት ሰው ጋር በኢንተርኔት ተገናኝቶ ምሽግ የሚቀማበት ጨዋታ ነው። አንድ ገምጋሚ ዘጠኝ ከአሥር ሰጥቶታል የሚለውን ወሬ ሲሰሙ ጋሽ ሙከሚል ጌሙ በወጣበት ቀን፣ ቡታጅራ ያሉ ልጆች ወልቂጤ ካሉ ልጆች ጋር እንዲጋጠሙ አሰናዱ። ጌም ቤታቸው ደጃፍ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ትልቅ ስክሪን ቆመ፤ ሞንታርቦ መጣ። «ዘጠኝ ከአሥር ያገኘው ጌም! ቡታጅራ ከወልቂጤ!» የሚል ባነር ተሰቀለ። ሽማግሌዎች ከፊት ተደረደሩ። እኔም ተጋብዤ ነበር።

ጌሙ ተከፈተ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ ክብ መሽከርከር ጀመረች። ከሥሯም «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ ነበረ። ጠበቅን። ክቧ ዞረች። አሁንም ጠበቅን።

አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ሀቢቡ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው «መምህር፣ ይቺ ክብ የኛ ናት የወልቂጤ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የማንም አይደለችም፤ ገና አልተጀመረም።»

«እሱማ ይገባኛል፤ ግን ጥሩ ትሮጣለች» አሉ።

ሞንታርቦውን የያዘው ልጅ ዝም ማለት ስላሳፈረው ክቧን እንደ ኳስ ጨዋታ ያስተላልፍ ጀመር። ኢንተርኔቱም መብራቱም አልጠፋም ነበር። በዓለም ዙሪያ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ገብቶ ተጫዋቾቹን የሚያገናኘው የጌሙ አምራች ሰርቨር መሸከም አቅቶት ነው። ይህን ግን ያን ዕለት ማን ያውቃል? የወልቂጤ ልጆች ስልክ ደውለው «ቡታጅራ ፈርታ ኬብል ቆረጠች» አሉ። የኛዎቹም መልሰው እነሱኑ ከሰሱ። ፀሐይ ስትጠልቅ ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት ጋሽ ሙከሚልና ክቧ ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ወደ ጭማቂ ቤቱ እንመለስ።

«ጌም ቤቱን ልዘጋው ነው» አሉ ጋሽ ሙከሚል። «ወደ በርበሬዬ እመለሳለሁ። ያን ዘጠኝ የሰጠውን ሰውዬ ግን አንድ ቀን አገኘዋለሁ።»

ሔራን ስልኳን አስቀምጣ «ቢያገኙት ምን ያደርጉታል?» አለች በትሕትና።

«መጀመሪያ ምሳ እጋብዘዋለሁ። ሰው በባዶ ሆዱ መስደብ ነውር ነው። ከበላ በኋላ ከኩባንያው ስንት እንደተቀበለ እጠይቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ምሳ አልበላሁም ጋሽ ሙከሚል። ዘጠኝ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሙከሚል እኔን አዩ፤ እሷን አዩ፤ ከዚያ በየደረሱበት የተናገሩትን ስድብ ሁሉ እያስታወሱ ይመስላል አላባቸው።

«አንቺ? የፊልጶስ ልጅ? አባትሽ እኮ በወፍጮ ቤቱ ሚዛን አጭበርብሮ አያውቅም!»

«እኔም አላጭበረበርኩም። ከኩባንያው የተላከልኝ ጌሙ ብቻ ነው፤ እሱም ለሥራው ነው። ገንዘብ ብቀበል ያን ዕለት ነው የምባረረው።»

«ታዲያ ያልሠራ ነገር እንዴት ዘጠኝ ያገኛል? እኔ ግምገማ የሚባል የማውቀው የመሥሪያ ቤቱን ነው። እዚያ ሁሉም ሰው ጥሩ ነጥብ ያገኛል፤ ሥራው ግን አይሠራም። የናንተም እንዲያ ነው?»

በዚህ ላይ ሳቅ አመለጠኝ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ ግን ቶሎ ዋጥኩት።

ሔራን አልተቆጣችም። «ሲሠራ አይቼ ነው» አለች። «ኩባንያው ጌሙን ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች ይልካል። ለብቻ የሚጫወቱትን ክፍል በቤቴ ጨረስኩ። በብዙ ሰው የሚጫወቱትን ደግሞ ቀን ተወስኖልን፣ ከየአገሩ ያለን ገምጋሚዎች እርስ በርስ ተጋጠምን። ጥቂት ስለሆንን እንደ ውኃ ፈሰሰ። ሕዝቡ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከሕዝቡ በፊት ማየት አልችልም።»

«እኔ በርበሬ ስገዛ የጆንያውን አፍ አይቼ አልገዛም። እጄን እስከ ታች ድረስ እሰዳለሁ።»

«የኛ ጆንያ ታቹ የሚከፈተው ጌሙ በወጣ ቀን ነው ጋሼ። አንባቢው ግን ከመግዛቱ በፊት ንገሪኝ ይላል። ብዘገይ የሚያነበኝ የለም፤ ብቸኩል ግማሹን ሳላይ እፈርዳለሁ። ይህንኑም ደብቄ አልጻፍኩም። አምስተኛው አንቀጽ ላይ፣ የሞከርነው ጥቂት ሆነን እንደሆነ ተናግሬያለሁ።»

«አምስተኛው አንቀጽ ድረስ ማን ይሄዳል ልጄ! እኔ ቁጥሩን ነው ያየሁት።»

«ቁጥሩን አይተው ነው ድንኳን የተከሉት?»

ጋሽ ሙከሚል ስፕሪሳቸውን አማሰሉ። ስፕሪስ ሲማሰል ቀለሙ እንደሚበላሽ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳቸው ግን አላስተዋሉም።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «አሁንስ? ክቧን ዓለም ሁሉ አየ። ለምን ዘጠኙን ወደ ዜሮ አታወርጂውም?»

«ሰዎቹ ለዓመታት ደክመው ሥዕሉን፣ ድምፁን፣ ታሪኩን አሳምረዋል። የአንድ ቀን መጨናነቅ ያን ሁሉ ዜሮ ያደርገዋል? ሰርቨሩ በቀጣዩ ወር ቢስተካከል፣ ያኔ ዜሮዬን የሚያነብ ሰው አይታለልም?»

«በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝሽን አንብቦ የገዛውስ አልተታለለም?»

አሁን ደግሞ ስፕሪሷን ያማሰለችው ሔራን ሆነች። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰዓት ነጥብ ስጥ ብባል ለሁለቱም እኩል እሰጥ ነበር።

ይህን ጊዜ ፈቲሀ አቮካዶ የተቀባ እጇን እየጠረገች መጣች። ክርክሩን ከማሽኑ ጀርባ ሆና ስትሰማ ኖሯል።

«ጋሽ ሙከሚል፣ የሰይዶን አዳራሽ ረሱት?»

«የምን አዳራሽ?» አሉ፤ ግን ድምፃቸው ወረደ።

«አዲሱን የሰርግ አዳራሽ ነዋ! ከመመረቁ በፊት ሽማግሌ ተጠርቶ ክትፎ ሲበላ እርስዎ አልነበሩም? 'እንዲህ ያለ መስተንግዶ በክልሉ የለም' ብለው ከተማውን ያዳረሱት እርስዎ አይደሉም? የእህቴ ባል የእርስዎን አፍ አምኖ ሰርጉን እዚያ አደረገ። ሕዝቡ ሲገባ ውኃው ሄደ፤ ምግቡ ግማሹ ሰው ሳይደርሰው አለቀ፤ ሚዜዎቹ ሙዝ ሊገዙ ወጡ። ሙሽራዋ በቬሎዋ እዚህ መጥታ አቮካዶ ጠጣች!»

«እኔ ስበላ እኮ ጥሩ ነበር!» አሉ ጋሽ ሙከሚል፣ ተቆጥተው ሊነሡ እየዳዳቸው። «ወላሂ ጥሩ ነበር! አሥራ ሁለት ሽማግሌ ሆነን ገባን፤ ሥጋው ለስላሳ፣ አስተናጋጁ ፈጣን...»

ሊነሡ የነበሩት ተመልሰው ተቀመጡ።

ሔራን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰይዶ ስንት ከፈለዎት?» አለች።

«አስተግፊሩላህ! አንድ ሳህን ክትፎ ነው የበላሁት! እኔ ሐሰት አልመሰከርኩም፤ ያየሁትን ነው የተናገርኩት!»

«እኔም እንደዚያው ነኝ ጋሼ።»

ፈቲሀ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ የጎረቤት ጠረጴዛ ሰዎች እንኳ ሳይገባቸው ሳቁ። ጋሽ ሙከሚል ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አሻሹ። ሰው ሌላውን የሚከስበትን ነገር ራሱ አድርጎት ሲያገኘው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ይጮሃል፣ ወይ ይማራል። ጋሽ ሙከሚል ትንሽ ከጮሁ በኋላ ተማሩ።

«በይ እሺ» አሉ። «አንቺ ሌባ አይደለሽም፤ እኔም አይደለሁም። ሁለታችንም ግን ሰው አስርበናል። የሰይዶን አዳራሽ ዛሬ ብጠየቅ ምን እላለሁ መሰለሽ? 'ክትፎው ጥሩ ነው፤ ስለ ሰርጉ ግን ሰርግ ሳላይ አልናገርም' እላለሁ።»

ሔራን ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «አምስተኛው አንቀጽ ላይ ያልኩት እኮ ይህንኑ ነበር» አለች ለራሷ በሚመስል ድምፅ። «ግን ዘጠኙን ከላይ አስቀምጬ፣ ማስጠንቀቂያውን ከታች ቀበርኩት። ሰው ቁጥሩን ብቻ እንደሚያይ እያወቅሁ።»

«ታዲያ አትቅበሪው!»

«አልቀብረውም። ከእንግዲህ ለብቻ ለሚጫወቱት ክፍል ነጥቤን በጊዜው እሰጣለሁ። በብዙ ሰው ለሚጫወቱት ግን 'ገና አልተፈተነም' ብዬ ከላይ፣ በትልቁ እጽፋለሁ። ሕዝቡ ገብቶበት፣ እኔም እንደ ማንኛውም ገዢ ተሰልፌ ከተጫወትኩ በኋላ ነጥቡን እጨምራለሁ። ሰርቨሩ ከተስተካከለም ተመልሼ እጽፋለሁ። አለቃዬ ሊያጉረመርም ይችላል።»

«አለቃሽን ለኔ አምጪው፤ ምሳ እጋብዘዋለሁ» አሉ ጋሽ ሙከሚል።

«እርስዎም አንድ ነገር ቃል ይግቡልኝ። ከቁጥሩ በፊት ጽሑፉን ያንብቡ። ጌም በወጣ ቀንም ድንኳን አይትከሉ።»

«ቃሌ ነው። መነጽር እገዛለሁ። ግን ልጄ፣ ክቧ በዓለም ሁሉ እንደዞረች፣ ኬብል የቆረጠ ሰው እንደሌለ ትጽፊልኛለሽ?»

«እጽፋለሁ።»

«አንደኛው አንቀጽ ላይ አድርጊው። አምስተኛው ላይ ወልቂጤዎች አይደርሱም።»

ሔራን ቃሏን ጠበቀች። አለቃዋ «ነጥብ የሌለው ግምገማ ማን ያነባል?» ብሎ ተከራክሯት ነበር፤ በኋላ ግን አንባቢው ራሱ እያመሰገነ ሲጽፍ በሌሎቹ ገምጋሚዎች ላይም ሕጉን አጸናው። ስለ «ብረት በር» ሁለተኛውን ጽሑፍ ያወጣችው ሰርቨሩ መስተካከሉን በየቀኑ እየገባች ካረጋገጠች በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቀን ብልሽትም ከነጥቡ ጎን ተጽፎ ቀረ፤ አምራቹ ወቀሳውን አገኘ፤ ሠራተኞቹም የድካማቸውን ምስጋና አላጡም።

ጋሽ ሙከሚል ጌም ቤቱን አልዘጉም። ሁለተኛውን ጽሑፍ በአዲሱ መነጽራቸው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ያልገባቸውን ፈቲሀን ጠየቁ፤ ፈቲሀ እኔን ጠየቀች፤ እኔ ሔራን ዘንድ ደወልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ግጥሚያውን እንደገና የጠሩት። በዋዜማው ልጆቹ ከወልቂጤ ጋር ተገናኝተው እንዲሞክሩ አደረጉ። ሕዝቡ ሲሰበሰብም ሞንታርቦውን ተቀብለው እንዲህ አሉ፦

«ወገኖቼ! የሰው ምስክርነት ስትሰሙ 'መቼ አየኸው? ከስንት ሰው ጋር አየኸው?' በሉ። የምትመሰክሩም ያላያችሁትን 'አላየሁም' በሉ፤ አያሳፍርም። እንዲህ ስናደርግ ገዢው ሳይታለል ይገዛል፤ ሠሪው በሠራው ልክ ይመሰገናል፤ ገምጋሚውም ያለ ስድብ ምሳውን ይበላል።»

ጭብጨባው ሳይበርድ ጨዋታው ተጀመረ። ሰርቨሩ እንከን አልነበረበትም። የኛ ልጆች ግን ነበረባቸው። ወልቂጤ አምስቱንም ዙር አሸነፈች፤ ያውም የመጨረሻውን ጨዋታው የማይገባቸው ጋሽ ሀቢቡ እንኳ በሚያፍሩበት ሁኔታ።

ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ ሲበተን ጋሽ ሙከሚልን ላጽናና ጠጋ አልኩ። ደስታቸው ግን ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

«ጋሽ ሙከሚል፣ ተሸነፍን እኮ!»

«አልሐምዱሊላህ መምህር!» አሉኝ እጄን ጨብጠው። «ባለፈው መሸነፍ እንኳ አልቻልንም ነበር።»