ከኩየራ የመጡት እንግዳ

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከአዳማ መናኸሪያ ወደ ፍራንኮ በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ የነበረው ወጣት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሹፌሩን አናገረው።

«ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ ንዳልኝ። ከኋላችን ያሉት አክስቴ ናቸው። ልጃቸው ናሆም ትናንት ማታ እዚህ አረፈ።»

«ውይ! አልሰሙም?»

«መርዶው ነገ ንጋት ላይ ነው። ለጉብኝት ብለን ዛሬ ጠዋት ከኩየራ አስመጣናቸው። እስኪመሽ ከተማውን አሳያቸዋለሁ።»

ወደ ኋላ ዞረ።

«አክስቴ፣ ያ የድሮው ባቡር ጣቢያ ነው!»

«አየሁት እኮ! ያየሁትን ነው መልሰህ የምታሳየኝ?»

«መቼ አዩት?»

«ጠዋት ነዋ! አንተ መናኸሪያ ገትረኸኝ ስትቀር፣ ናሆም መጥቶ በእግር አዞረኝ። ከአንተ እሱ ይሻላል!»

ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ።

«ናሆም ራሱ?» አለ ወጣቱ።

«ልጄ ይጠፋኛል እንዴ? ሻንጣዬን ያዝልኝ ስለው ግን ‹አልችልም እማዬ› አለኝ። አሞታል እንዴ?»

«ሌላስ... ሌላስ ምን አለዎት?»

«‹ነገ ሲነጋ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ እንዳትደነግጪ› አለኝ። እናንተ ደበቃችሁኝ እንጂ እኔስ ገብቶኛል። ሊያገባ ነው አይደል?»

ወጣቱ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

«ንገረኝ እንጂ! ልጅቷ የማን ናት?»

የምወርድበት ቦታ ደርሶ አለፈ፤ ወራጅ አላልኩም።