ፐርምና ቀለም በአንድ ቀን

ዝናቡ ባያባርራት ኖሮ ልብስ ሰፊዋ ወደዚያች ፀጉር ቤት ባልገባች ነበር። እንፋሎት ባደበዘዘው መስታወት ውስጥ አንዲት ወጣት ሳቀችላት፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በየዓመቱ የሰፋችላት የጎረቤት ልጅ ናት፣ ዛሬ በፀጉር ሥራ ተመርቃለች።

«እትዬ! እሁድ ሙሽራ ነዎት አሉ?»

«በሃምሳ ስድስት ዓመቴ! የሚስቅ ይሳቅ፣ እኔ ደስ ብሎኛል። በይ ፐርም ሥሪኝና በዚያው ጥቁር ቀለም ቀቢኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን አልሠራም።»

«እኛ ድሮ ባንድ ቁጭታ ጨርሰን ነበር የምንነሳው!»

«ከዚያስ ምን ሆነ፣ እትዬ?»

ልብስ ሰፊዋ ፀጉሯን ዳሰስ አደረገች። ያኔ ፀጉሯ እፍኝ እፍኝ እየረገፈ ማበጠሪያው ላይ ሲቀር «የሰው ዓይን ነው» ብላ ነበር። ሰው ጥፋቱን የሚያሳብብበት አያጣም።

«ፐርም የፀጉርን ውስጡን ፈትቶ ነው የሚጠቀልለው» አለች ልጅቷ። «ሳያገግም ቀለም ሲጨመርበት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ካላመኑኝ እንሞክረው።»

ከማጅራቷ ሁለት ቀጫጭን ዘለላ ቆርጣ አንዱን ፐርም ብቻ፣ ሌላውን ሁለቱንም ቀባችው። እስኪደርስ ራሷን በሞቀ ውሃ አጠበቻት። ዝናቡ ጣሪያውን ሲያንኳኳ ልብስ ሰፊዋን ሰመመን ወሰዳት፤ ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት መንገድ ላይ፣ ጥቅልል ጥቁር ፀጉሯ እየተርገበገበ ስትሄድ አየች። ምነው ባልነቃሁ አሰኛት።

«ይሳቧቸው» አለቻት ልጅቷ። ፐርም ብቻ የተቀባው ጠንክሮ ቆየ። ሌላው ገና ሳይወጠር ብጥስ አለ።

«የበሰበሰ ክር!» አለች ደንግጣ። ክር ማወቅ እንጀራዋ ነው። «ታዲያ እሁድ ሙሽራው ሽበቴን ሊያየው ነው?»

«እስካሁን ምን እያዩ ኖረው ነው ላግባሽ ያሉዎት?»

ሳቋ ከእንባዋ ጋር መጣ። «ሥሪው በቃ፣ ፐርሙን ብቻ» አለች።

እሁድ በሽበት ጥቅልሏ ተዳረች። ሁለት ሳምንት ፀጉሯን በቅባት ስትንከባከብ ቆይታ፣ ቀለሙን ከጆሮዋ ኋላ አስነክታ ሁለት ቀን ጠበቀች፤ ቆዳዋ አላሳከካትም። ያኔ ጥቁር ተቀባች፤ አንድም ዘለላ አልረገፈ።

ቀለሙን ባስታጠበችበት ቀን ተራ የምትጠብቅ ሴት «እኔስ ሁለቱንም ዛሬውኑ ነው» ስትል ሰማቻት።

«እህቴ» አለቻት፣ «እኔ ባል እስኪመጣ ሃምሳ ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ። አንቺ ለፀጉርሽ ሁለት ሳምንት ያቅትሻል?»