በቀዶ ሕክምና ክፍል ስለ ደማው አፍንጫ

የምስክር ስም፦ እንዳይጻፍ ጠይቃ የታለፈ
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ ሰመመን ሰጪ ነርስ
አድራሻ፦ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ጠዋት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ተጠርጣሪዋ የሥራ ባልደረባዬ ነች። ጠብ የለንም፤ እኔ ግን አልወዳትም። እሷ ከመምጣቷ በፊት እጄ ስለማይከብድ በክፍሉ «ላባ» የምባለው እኔ ነበርኩ። አሁን ስሙም፣ ከበድ ከበድ ያለው ታካሚም ወደ እሷ ሄዷል። ቅናት ነው ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አዎ፣ ቅናት ሲያንገበግበኝ ነው የከረምኩት ብያለሁ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ መንጋጋው የተሰበረ ወጣት ገባ። ቀዶ ሕክምናው አፍ ውስጥ ስለሆነ የመተንፈሻ ቱቦው በአፍንጫ ማለፍ ነበረበት። ተረኛ ባልሆንም ዕቃ ላቀብል በሚል ሰበብ ገብቼ ቆምኩ። የገባሁት ስትሳሳት ለማየት ነው። እሷም ወጣቱን በእያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ በየተራ አስተንፍሳ ቀኙ እንደሚሻል ለየች። ደም ሥር የሚያኮማትር ጠብታ አደረገችለት፤ ቱቦውንም በሞቀ ንጹሕ ውኃ ነክራ እስኪለሰልስ ጠበቀች። እኛ ነባሮቹ ይህንን «ጡጦ ማሞቅ» እያልን እናሾፍባታለን። ወጣቱ ከተኛ በኋላ ቱቦውን ቅባት ቀብታ፣ ምንም ሳትገፋ አስገባችው። ደም ጠብ አላለም። አንዲት ጠብታ እንኳ ባይ ደስ ይለኝ ነበር።

ቱቦው ገና በፕላስተር ሳይያዝ ቀዶ ሐኪሙ ቸኩሎ፣ ቦታ ያዘብኝ በማለት በራሱ እጅ ጎተተው። ሊወጣ ሲል ደግሞ መልሶ በኃይል ገፋው። እሷ «ዶክተር፣ ይቆዩኝ፣ ልሰረው» እያለች ደሙ ፈሰሰ። ደሙ ወደ ሳንባው ስለገባ ወጣቱ እስካሁን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገኛል። እናቱ ቱቦውን ያስገባችው እሷ ናት ብለው ስለከሰሷት ባልደረባዬ ታሥራለች፤ ጥፋተኛ ከተባለች የሥራ ፈቃዷም ይነጠቃል።

በማግስቱ ቀዶ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ፣ «ገፍታ ነው ያስገባችው በይ፤ ቦታሽ ይመለስልሻል» አለኝ። ነገሩ ጥሞኝ ነበር። እዚህ በር ድረስ የመጣሁትም እንደዚያ ልል ነው። ነገር ግን ጥፋት ፍለጋ ዓይኔን ከእጇ ላይ ስላልነቀልኩ፣ ጥፋት እንደሌለባት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ልበልጣት የምፈልገውም በእጄ እንጂ በፖሊስ አይደለም።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ፣ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት የእኔው እውነተኛ ቃል መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________