እማማ የጨፈሩ ለት

እንደምን አደርክ ወዳጄ? ምላጭህስ እንዴት አደረች? አይ፣ አትነሳልኝ! እኔ አልቸኩልም፤ እዚህ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ተራዬን እጠብቃለሁ። አንተ ደንበኛህን ላጭ። እንዴት ያለ አረፋ ነው የቀባኸው በል! ከአፍንጫው ጫፍ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። ማን ይሁን ማን ምን አውቄ... ማንም ይሁኑ፣ ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። ኧረ አይመልሱልኝ! ምላጭ ጉሮሮ ላይ እያለ ሰላምታ አይመለስም።

ዝናቡ ሊገባ ነው አይደል? የጓዳህ ጣሪያ ያፈሳል ብለኸኝ ነበር። ጠገንከው? ... ተወው፣ ለወሬ ያህል ነው።

ወሬ ካነሳን አይቀር፣ የዚያን ሰው ነገር ሰምተሃል? ስሙን አልጠራም፤ ሰው ማማት አልወድም። ማመስገንን ግን ማን ይከለክለኛል? ያ የድሮውን የእህል መጋዘን ይዞ ሰው የሚያስጨፍረው። ማስጨፈር ብቻ? ያድናል እንጂ! ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ዓይን ይጨፈናል፣ አፍ ይዘጋል። ከዚያ ሁሉም ገላው እንዳዘዘው ነው። እንዲህ ርገጥ፣ እንዲያ ዙር የሚል የለም። አንዱ ቅጠል ሆኖ ይረግፋል፣ አንዱ ምሰሶ አቅፎ ያለቅሳል። ሥጋ ሻጩን ታውቀው የለ? ያን የሚያህል ሰው ጢንዚዛ ሆኖ በሆዱ ሲሳብ አይቻለሁ። ሲነሳ "ቀለለኝ" አለ። እውነቱን ነው፤ የከበደው ወለሉን ነው።

ሕጉ አንድ ነው፤ ከእሱ በቀር የሚናገር የለም። መናገር የፈለገ በገላው ይናገር። ብልህነት ማለት ይኼ ነው! እኔ ያልተማርኩት፣ አፍ የተሰጠን ለመናገር ነበር የሚመስለኝ።

ጆሮውስ ብትል! የሰው ጉልበት ሲያዝን ይሰማዋል። አናጺውን "ትከሻህ ከልጅነትህ ጀምሮ ተቀይሞሃል" ቢለው፣ አናጺው ትከሻውን ይቅርታ ሲለምን ዋለ፤ የጀመረው በር እስከ ዛሬ መዝጊያ የለውም። ታዲያ የመንደሩን ጉልበት ሁሉ ሲያዳምጥ የሚውል ሰው፣ እናቱን ለመስማት ጊዜ ቢያጣ ይፈረድበታል?

እንዴ፣ ደንበኛህ ምን ነክቶት ተንቀሳቀሰ? ያዘው እንጂ፣ ትቆርጠዋለህ!

እና የእናቱ፣ የእማማ ማድቤት በእሳት የተያያዘ ለት... ጎረቤቱ በሙሉ መጋዘኑ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኗል። እማማ በዚያ ዕድሜያቸው ዳገቱን በሩጫ ወጡት። በሩ ላይ ሲደርሱ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጫማቸውን አወለቁ! ልጃቸውን ላለማሳፈር። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ከበር ሆነው ቢጠሩት "ሰው ከራሱ ጋር ሲታረቅ አቋረጥሽ" ብሎ አኩርፏቸው ነበራ! ሲገቡ ትንፋሽ የለ፣ ድምፅ የለ። እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። ልጃቸው አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አያቸውና "እናቴ ተከፈተች! ተከተሏት!" አለ። ያ ሁሉ ሰው እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። እማማ ደረታቸውን ደቁ፤ ያ ሁሉ ሰው ደረቱን ደቃ። እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው እያርገበገቡ ነበልባል ሠሩላቸው... ወዳጄ፣ አዳራሹ በሞላ ነደደ! ሥጋ ሻጩ አመድ ሆኖ ተነጠፈ። ጭሱ በመስኮት ሲገባ የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ዓይኗን እንደጨፈነች በረዥሙ ሳበችው። እማማ የልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ውጭ ቢጎትቱ፣ እሱ እንባውን እያፈሰሰ ዙሪያቸውን ተሽከረከረ። እንዲህ በእናቱ የሚኮራ ልጅ የት ይገኛል?

እኔ ጭሱን አይቼ፣ ባልዲ ውሃ እንዳንጠለጠልኩ ሰው ልጠራ ገባሁ። "እሳት!" ብዬ ብጮህ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ "ሽሽሽ... በገላህ ንገረን" አለኝ። በገላዬ ነገርኩት፤ ባልዲውን እንዳለ ደፋሁበት። ሳይነድ የጠፋ ሰው ያየሁት ያን ለት ነው። የእማማ ቤት ግን እኛ እስክንደርስ አልጠበቀም።

ይኸው ከዚያ ወዲህ እማማ ያንተ እንግዳ ናቸው፤ ከዚህ መጋረጃ ጀርባ፣ በተሰበሩ ወንበሮችና በጸጉር ጆንያ መሀል። ልጃቸው ቤት አጥቶ እንዳይመስልህ። ሳሎኑ ብቻ ፈረስ ያስጋልባል! ግን ባዶ መሆን አለበት፤ ለራሱ እንኳ ወንበር አላስገባም። አልጋ ከገባ አየሩ ይደናቀፋል አለ። አየር እንዳይደናቀፍ የሚጨነቅ ሰው... እንዴት ያለ ሩኅሩኅ ነው!

ዛሬ ጠዋት "እናቴን ልወስዳት እመጣለሁ" ብሎ ላከባቸው አይደል? እማማ ይኸው ጓዛቸውን ቋጥረው፣ የጫማቸውን ማሰሪያ አስረው ተቀምጠዋል። መጋረጃው ሥር ተመልከት፣ የጫማቸው ጫፍ ይታያል። አትፍራ፣ ጆሯቸው ከበድ ብሏል፤ እኛን አይሰሙም። ቤቱ ሊያስገባኝ ነው ብለው ፊታቸው በርቷል። የመልእክቱን ግማሽ ግን ማንም አልነገራቸውም። ማታ ከሩቅ አገር እንግዶች ይመጣሉ፤ "የእሳት ጭፈራ" የሚባል አዲስ ጥበብ ሊማሩ። እማማ ያን ጫፉ የተቃጠለ ቀሚሳቸውን ለብሰው ያሳዩዋቸውና ይመለሱ ተባለ። ወዴት? ... ወደሚያፈሰው ጓዳህ ነዋ! አንተ ልትነግራቸው ትችላለህ? እኔስ ይኼው ስንቱን ስለፈልፍ የምውለው ሰውዬ፣ እዚህ ላይ ምላሴ ታሰረ።

ጨረስክ? እጠበው፣ እጠበው። እንዴት አማረበት! ... ውይ! እርስዎ ነዎት እንዴ ጌታዬ? አረፋው አሳሳተኝ። ኧረ በጭራሽ፣ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። እርስዎ ቢሆኑማ ኖሮ ይኼኔ መጋረጃውን ገልጠው፣ ጓዛቸውን ተሸክመው፣ "ነይ እናቴ፣ ሳሎኑ ላንቺ ይጥበብ" ብለው... ወዴት ነው ጌታዬ? እሱ የመንገዱ በር ነው። መጋረጃው በግራዎ በኩል ነው። ... በግራዎ። ... አሃ፣ ቸኩለዋል። "ማታ ሰው እልካለሁ" አሉ? ይሁና።

ይሂዱ፤ ሳይመረቁ ግን አይውጡ። ምርቃቱ ለዚያ ላልኩዎት ሰው ነው፤ ካገኙት ያድርሱልኝ። ፈጣሪ ዕድሜውን ያርዝምለት። ጸጉሩ እስኪነጣ፣ ጉልበቱ እስኪዝል፣ ትንፋሹ እስኪያጥር ያኑረው። ልጅም ይስጠው... አንድ ወንድ ልጅ፣ በመልኩም በልቡም ቁርጥ አባቱን! ክፉ ቀን ሲመጣበትም በሌላ በማንም እጅ አይጣለው፤ በዚያው በልጁ እጅ ይጣለው። አሜን በሉ እንጂ ጌታዬ!